አሥር ሰከንድ በኩባንያው ደጃፍ

የዮጂን የሰልፍ ቁጥር አርባ አንድ ነው። በግራ እጇ ጀርባ ላይ በጥቁር እስክሪብቶ ተጽፎላታል። የጻፈችላት የኩባንያው ሠራተኛ ሳትሆን ሄሪም የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ሄሪምን ማንም አልሾማትም፤ ራሷን በራሷ የሾመች ናት። ከጠዋት ጀምሮ ባለሦስት እርከን መሰላሏ ላይ ወጥታ፣ የክንዷን ያህል የሚረዝም ካሜራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ በየሰዓቱ ስም እየጠራች የቀረውን ትሰርዛለች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ብቻ በዓለም ላይ የማይመለከታት ነገር የለም።

ሰልፉ የቆመው ሴኡል፣ ማንግዎን ሰፈር፣ ኦንሰም የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ሕንጻ ፊት ለፊት ነው። ሰባት ፎቅ፣ ዙሪያው መስታወት ነው። ውስጥ ያሉት ውጭውን ያያሉ፤ ውጭ የቆመ ግን የሚያየው ራሱን ብቻ ነው። ዮጂን ከገጠሩ ከኡይሶንግ በአውቶቡስ መጥታ እስከ ቀትር ድረስ ስታይ የዋለችው የገዛ ፊቷን ነበር፤ ያየችውም ደስ አላላትም። እንቅልፍ ያጣ ዓይን፣ ወር ሙሉ ነጭ ሽንኩርት ስትነቅል ከርማ ፀሐይ የጠበሰው ግንባር። እጇን ከቤት ስትወጣ ሦስት ጊዜ በሎሚ አሽታዋለች። የሽንኩርቱ ሽታ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ የተጠራቀመ ስለሆነ በሎሚ የሚለቅ አልሆነም።

"ልጄ፣ እህል ቀምሰሻል?" አለቻት ከኋላዋ የቆመችው ቁጥር አርባ ሁለት።

"በልቻለሁ፣ እትዬ።"

"ዋሽተሻል። ከንፈርሽ ነጭ ሆኗል። እንኪ።" ሴትዮዋ በባሕር ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ከቦርሳዋ አውጥታ በግድ አስያዘቻት። ፒዮ ማልሊም ትባላለች፤ ዕድሜዋ ሃምሳ ስድስት፣ ሥራዋ ጉንሳን ከተማ ውስጥ የልብስ ንጽሕና መስጫ ቤት። ቤቷን ዘግታ፣ በሩ ላይ "ዘመድ ታሞብኝ" የሚል ወረቀት ለጥፋ ነው የመጣችው። "ያመመኝ እኔው ነኝ" አለችና በራሷ ቀልድ ራሷ ሳቀች። "በዚህ ዕድሜዬ በልጄ እኩያ ዘፋኝ ፍቅር መያዝ በሽታ ካልሆነ ምንድነው? ባሌማ 'እዛው ቅሪ' ነው ያለኝ። አንቺስ ከአምስቱ ዘፋኞች የማን ነሽ?"

ዮጂን ጎረሰችና መልሱን ከሩዙ ጋር ለመዋጥ ሞከረች። "የ… የሊአን።"

"በይ እንግዲያው ጣውንቴ ነሻ!" አለች ማልሊም፣ ትከሻዋን መታ አድርጋ። ሰልፉ ሳቀ። ዮጂንም አብራ ሳቀች።

ሊአን የሚለውን የመድረክ ስሙን ከአፏ አውጥታ ስትጠራው ያ የመጀመሪያዋ ነበር። እሷ የምታውቀው ልጅ ስሙ ታክ ሶንሆ ነው፤ የኡይሶንግ ፀጉር አስተካካይ ልጅ፣ ትምህርት ቤት ሲሄዱ አውቶቡሱ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ አጠገቧ የሚቀመጥ፣ ከመቀመጡ በፊት ሁልጊዜ አፍንጫውን ይዞ "ሽንኩርቴ መጣች" የሚል። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ለዘፋኝነት ተፈትኖ አለፈና ሴኡል ገባ። አራት ዓመት ሲለማመድ በበዓል በበዓል እየመጣ ያያት ነበር። መድረክ ሊወጣ አንድ ወር ሲቀረው የአውቶቡስ መናኸሪያው ላይ እጇን ይዞ፣ ቃል በቃል እንዲህ አላት፦ "ውሉ ላይ ሦስት ዓመት ፍቅረኛ አይኖረኝም ብዬ ፈርሜያለሁ። ሦስት ዓመት ብቻ ዮጂን። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አይለንም።"

ሦስት ዓመት ምን አላት? የዘራችው ሽንኩርት ሦስት ጊዜ እስኪነቀል ማለት ነው፤ እንደዚያ ብላ ነው የቆጠረችው።

ከዚያ የኩባንያው ሰዎች መጡ። ሁለት ጨዋ ሰዎች፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ለእናቷ የወይን ፍሬ በሳጥን ይዘው። አንድ ዘፋኝ መድረክ ከመውጣቱ በፊት ያለፈ ሕይወቱ እንደ ቤት ይጠረጋል፤ ይህ በሥራው ዓለም የታወቀ ነው። ከሶንሆ ጋር የተነሳቻቸውን ፎቶዎች ሁሉ ለመኗት። ዮጂን አንድም ሳታስቀር አስረከበች፤ ስልኳ ላይ ያሉትንም አጠገባቸው ቁጭ ብላ አንድ በአንድ አጠፋች። ለእሱ ብላ ነው። ሰዎቹ ሲወጡ ጎንበስ ብለው ሲያመሰግኗት እሷም ጎንበስ አለች፤ አንድ ሰው ንብረቱን ሁሉ ሰጥቶ መልሶ ማመስገኑ ምን ይባላል?

የሶንሆ ስልክ የኩባንያው ነው፤ አስተዳዳሪው ያየዋል። ደብዳቤ ቢጻፍ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተከፍቶ ከተነበበ በኋላ ነው እጁ የሚገባው። የቀራት መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ አድናቂዎች ሁሉ በየወሩ እየከፈሉ የሚጠቀሙበት የመልእክት መተግበሪያ። ዘፋኙ አንድ ጊዜ ይጽፋል፤ መተግበሪያው ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ስም ፊት ላይ እየሰካ ያድላል። "ዮጂን፣ በላሽ?" ይላታል። በዚያችው ደቂቃ ለአርባ ሺህ ሰው በአርባ ሺህ ስም እንደዚያው እያለ ነው። ታውቃለች። እያወቀችም፣ ስልኳ በተንጫረረ ቁጥር ጓንቷን በጥርሷ ጎትታ ታወልቃለች።

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ የመጨረሻው ሽንኩርት ተነቅሎ መጋዘን በገባበት ቀን፣ መልስ መስጫው ላይ ጻፈች፦ "ነቅለን ጨረስን። ሦስተኛው ነው።" መልስ መስጫው የሺዎች ጽሑፍ በሰከንድ የሚፈስበት ጎርፍ ነው፤ አንዱን ነጥሎ ማየት ዘበት ነው። ከአሥራ አንድ ደቂቃ በኋላ ግን ስልኳ ጮኸ።

"ዮጂን፣ ናፍቀሽኛል። አንዴ ብትመጪ።"

በቆመችበት ቁጢጥ አለች። እናቷ ወገቧን የያዛት መስሏት ሮጣ መጣች።

እናትየዋ ደግሞ የራሷ ቀጠሮ አላት። የገበሬዎች ማኅበር ሒሳብ ሹሙ ጄማን፣ ደህና ሰው፣ የማይጠጣ፣ ጥርሱ የሚያምር፣ ወላጆቹን ይዞ እሁድ ለጋብቻ ጥየቃ ሊመጣ ነው። "እስከ ሐሙስ ማታ ቁርጡን ንገሪኝ" ብላታለች። "ሃያ አራት ዓመትሽ ነው። በቴሌቪዥን የሚጨፍር ሰው ስትጠብቂ እኔ አፈር እገባለሁ።" ዮጂንም እሺ አለች። ሐሙስ፣ ማለትም ዛሬ፣ ልጆቹ መድረክ ከወጡ ሦስተኛ ዓመት የሚሞላበት ቀን ነው፤ ኩባንያው ደግሞ ለበዓሉ አምስቱን ልጆች ደጃፍ አውጥቶ ቀድመው ለተሰለፉ ስልሳ ሰዎች ሊያስፈርም ነው። በማግስቱ ጠዋት ልጆቹ ለሰባት ወር ወደ ውጭ አገር ይበራሉ። ዛሬ ካልጠየቀችው መቼም አትጠይቀውም። የምትጠይቀው ነገር ደግሞ አንድ ብቻ ነው፦ "ነይ ያልከው እኔን ነው?"

"ምን አስደነገጠሽ፣ ዝም አልሽ?" አለች ማልሊም። "ግድየለሽም፣ እኔም መጀመሪያ ስመጣ እንዲሁ ነበርኩ። የዛሬውን ግን እንዴት ልቅር? እይማ ምን እንዳለኝ!" ስልኳን ከጉያዋ አውጥታ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ፊቷ ላይ ደቀነችባት።

"ማልሊም፣ ናፍቀሽኛል። አንዴ ብትመጪ።"

ከፊት የቆመችው ተማሪም ዞር ብላ "እኔንም! እኔንም!" አለች፤ የራሷን አሳየች። ከዚያ ወዲያ ሰልፉ ውስጥ ስልክ ያላወጣ የለም። ያ ዓረፍተ ነገር፣ ዮጂን ለሁለት ሳምንት ትራሷ ስር ይዛው የተኛችው፣ በሃምሳ ዘጠኝ ስም እየተጠራ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

አታውቅም ነበር እንዴ? ታውቅ ነበር። ማወቅና ማየት ግን ለየቅል ነው። ፊቷ ጋለ።

"እትዬ" አለች በቀስታ፣ "ለሁሉም ሰው እንደሚልከው እያወቁ ነው ከጉንሳን ድረስ የመጡት?"

ማልሊም መነጽሯን አወረደችና አየቻት። ቀልዱ ከፊቷ ላይ ትንሽ ገለል አለ። "አጥቼው ነው ልጄ? አሥራ አራት ሰዓት ብረት ምጣድ የመሰለ ካውያ ስገፋ ውዬ ቤቴ ስገባ፣ ባሌ 'እራት የታለ?' ነው የሚለኝ። በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን 'ናፈቅሽኝ' ብሎኝ አያውቅም። ይሄ ልጅ ለአርባ ሺህ ሰው ይበለው፣ ከአርባ ሺህ አንዷ እኔ ነኝ።"

 ይህች ሴት በአርባ ሺሕኛ ድርሻዋ ጠግባ ታድራለች፤ እሷ ግን ሁሉንም ነው የምትፈልገው። ስግብግብነቷ አሳፈራት። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። የአሥር ሰዓቱ አውቶቡስ አለ፤ ለእናቷ እሺ ማለት ነው፤ ጄማን ደህና ሰው ነው።

ያኔ የመስታወቱ በር ተከፈተና ጩኸቱ ሰፈሩን አናወጠው።

አምስቱ ልጆች ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ወጡ፤ ከረጅሙ ጠረጴዛ ኋላ በተርታ ተቀመጡ። ሶንሆ አምስተኛው ነው፣ የመጨረሻው። ፀጉሩን እንደ ብር አንጥተውታል። ከስቷል። ተቀምጦ እንኳ ቀኝ ጉልበቱን ያንቀጠቅጣል፤ ይህ የፈተና ቀን ልማዱ ነው፤ ከስልሳው ሰው መሃል ይህን የምታውቀው ዮጂን ብቻ ናት። መሄዷን ረሳችው።

አስተባባሪዋ ወይዘሪት ባንግ ትባላለች። ጥቁር ኮት፣ ጆሮዋ ላይ የመነጋገሪያ ገመድ፣ የማይነቃነቅ ፊት። "ሕጉን ታውቃላችሁ" አለች። "ለአንድ ሰው አሥር ሰከንድ። ስማችሁን በምትለጠፈው ትንሽ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በገዛችሁት የዘፈን አልበም ውስጥ ባለው ደብተር ገጽ ላይ ለጥፉ፤ ከወረቀቱ ላይ አይተው ይጽፉላችኋል። እጅ መያዝ የለም። ስጦታ የለም። እናት አባት ባወጡላቸው ስም መጥራት የለም፤ የጠራ ሰው ከዛሬ ጀምሮ የኩባንያውን ደጃፍ አይረግጥም።"

ዮጂን በትንሿ ቢጫ ወረቀት ላይ "ዮጂን" ብላ ጻፈች። የአባቷን ስም፣ ከፊት የሚገባውን መንግ የሚለውን፣ አልጻፈችም። ዘፋኝ ከአንዲት ሴት ጋር መተዋወቁ ቢታወቅ ቀላል እንዳልሆነ ሰልፈኛው ሁሉ ያውቃል። ባለፈው ዓመት የሌላ ቡድን ልጅ ለአንዲት ሴት አልበም ላይ የጻፈላት የፍቅር ቃል በፎቶ ወጥቶ፣ በሁለተኛው ቀን ልጁ ከቡድኑ ተባሯል፤ የቀሩት አራቱም እስካሁን መድረክ አላገኙም።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ሠላሳ ስምንት ሄሪም ነበረች፤ አስፈርማ ስታበቃ ተመልሳ መሰላሏ ላይ ወጣች። ሠላሳ ዘጠኝ። አርባ። ዮጂን በመጀመሪያዎቹ አራት ልጆች ፊት እንዴት እንዳለፈች አታስታውስም፤ አራት እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ሲጭር ብቻ ሰማች። ከዚያ ሶንሆ ቀና አለ።

ጉልበቱ ጸጥ አለ።

ዓይን ለዓይን ተያዩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያጠናችው ንግግር ከአፏ ጠፋ። እሱም አፉን ከፈት አድርጎ ነበር፤ ከዚያ ከጎኑ የቆመችውን ባንግን አስታወሰና፣ ያ አርባ ሺህ ሰው የሚያውቀው ፈገግታ ፊቱ ላይ ወጣ።

"እንኳን ደህና መጡ" አላት። "ከየት ነው የመጡት?"

'እርስዎ' አላት። ሽንኩርቴ ይላት የነበረው ልጅ።

"ከኡይሶንግ" አለች።

"ሩቅ ነው።"

"ሦስት ዓመት… ሦስት ሰዓት ተኩል ያስኬዳል።"

እስክሪብቶውን አነሳ። ቢጫዋን ወረቀት አየ፣ ግራ እጁን እንደ አጥር ገጹ ላይ አጥፎ ጎንበስ አለና ጻፈ። ይጽፋል፣ ይጽፋል። ባንግ "ጊዜ" አለች። አሁንም ይጽፋል። "ጊዜ!" አልበሙን ዘግቶ በሁለት እጁ አቀበላት፤ ጣቱ የጣቷን ጫፍ ነካው። ሽታው ደርሶት እንደሆነ አፍንጫው ተኮማተረ፣ ዓይኑም ውሃ አዘለ። "በሰላም ይግቡ" አለ፤ ድምፁ ግን ተሰብሮ ነበር።

ዮጂን እግሯ መሬት ሳይነካ ከጠረጴዛው በቀኝ በኩል ወጣች። ጥግ ይዛ፣ ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ፣ ገጹን ገለጥ አደረገች።

"መንግ ዮጂን፣ ነይ ያልኩት አንቺን ብቻ ነው። ሰባት ወር ጨምሪልኝ። እባክሽ ጠብቂኝ።"

አንድ ጊዜ አነበበችው። ሁለተኛ ጊዜ ማንበብ አልቻለችም፤ እንባዋ ግጥም አለ። እንግዲህ እሷን ነው። ከአርባ ሺህ ስም መሃል የእሷ ስም በእጁ ነው የተጻፈው፤ ቢጫዋ ወረቀት ላይ ያልነበረው የአባቷ ስም ሳይቀር። እናቴ ትቆጣ፣ እሁድም ይምጣ፣ ሰባት ወር ምንድነው? ሰባት ወር እኮ ሽንኩርት እንኳ አያደርስም! 

"አርባ አንድ! አርባ አንድ!"

ሄሪም ናት፤ ከመሰላሏ ዘላ እየመጣች ነው። "አንቺ እህቴ ምን ታድለሻል! ሃያ ሦስት ሰከንድ ጻፈልሽ፣ ቀርጬዋለሁ! ለማንም እንደዚህ ጽፎ አያውቅም። አሳዪኝማ፣ የሁሉንም ሰው ፊርማ ሰብስቤ ነው ማታ የምለጥፈው።"

"ተራ ነገር ነው" አለች ዮጂን፣ አልበሙን ደረቷ ላይ አጥብቃ።

"ተራ ነገር ከሆነ ታዲያ ምን አስደበቀሽ?"

ነገሩ ክፋት የለበትም፤ እንዲያ ነው ወጉ። አስፈርሞ የወጣ ሁሉ ለሌላው ያሳያል፣ ያልደረሰው የደረሰውን አይቶ ይጽናናል። ከሄሪም ኋላ ሌሎች ሦስት መጡ፣ ከዚያ ስምንት። "ምን አለሽ? ምን አለሽ?" አንዷ ስልኳን አነሳች። ሌላዋ "ምን ሆና ነው የምታለቅሰው?" አለች፤ ጥያቄው ውስጥ አዲስ ድምፅ ነበር፣ ጥርጣሬ የሚሉት። የካሜራው ትልቅ ዓይን ወደ ዮጂን ዞሮ ቆመ። ከጠረጴዛው ወዲያ ባንግ አንገቷን መዘዝ አድርጋ መመልከት ጀመረች።

ዮጂን ሁሉም ነገር በአንዴ ታያት። ፎቶው። ሁለት ቀን። የሚባረረው ልጅ፣ አብረውት የሚወድቁት አራት ልጆች፣ አባቱ የፀጉር ቤቱ ግድግዳ ላይ የሰቀለው የልጁ ምስል።

የዝናቡ ወራት መግቢያ ነው፤ አየሩ ከብዷል፣ ቀለሙም በሚያብረቀርቀው ወረቀት ላይ ገና አልደረቀም። እጇን አልበሙ ውስጥ አስገባች። መዳፏን ገጹ ላይ አሳረፈችና ከላይ እስከ ታች ጎተተችው። ሲጠፋ ተሰማት። ቀዝቃዛ ነበር።

በዚያችው ቅጽበት ማልሊም አስፈርማ እየሮጠች መጥታ ከኋላዋ ተጠመጠመችባት። "ጣውንቴ! 'ጤናዎን ይጠብቁ' አለኝ! ሰማሽ?"

አልበሙ ከዮጂን እጅ ወድቆ መሬት ላይ ተከፈተ። ገጹ ላይ ጥቁር ደመና ብቻ ነበር፤ ከጥጉ "ዮጂን" የምትል ቢጫ ወረቀት።

"ወይኔ!" ብላ ጮኸች ሄሪም። "እትዬ፣ ምን ነካዎት? አበላሹባት እኮ!"

"እኔ? ኧረ እኔ መቼ ነካሁት?"

"በክርንዎ ገፍተዋት ነው! ሁላችንም አይተናል!" ያዩት ነገር አልነበረም፤ ሰው ግን በአንድ ጊዜ አየን አለ። ጥርጣሬው ሁሉ ወደ ሐዘኔታ ተለወጠ፤ ዮጂንን አቅፈው ያባብሏት ጀመር። "ሃያ ሦስት ሰከንዷ! አይዞሽ። እናስደግምልሻለን። ወይዘሪት ባንግ! ወይዘሪት ባንግ፣ የዚችን ልጅ ፊርማ አበላሹባት!"

"አያስፈልግም" አለች ዮጂን። "እባካችሁ፣ አያስፈልግም።" ማን ይስማት? ደግነት እንደዚያ ጉልበት አለው። በሁለት ክንዷ ይዘው፣ ሰው እያስወገዱ፣ አልበሙን ከፍተው ሶንሆ ፊት አስቀመጡት።

ሶንሆ ገጹን አየ።

ፊቱ ላይ የሆነውን ነገር ዮጂን ብቻ አየችው፤ ሌሎቹ የሚያዩት ፈገግታውን ነው፣ እሱ ደግሞ አልተነቃነቀም። የተጎተተው ቀለም ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ነበር፣ የአምስት ጣት መስመር ያለው። በክርን እንደዚያ አይጠፋም።

"ይህቺ ሴትዮ ናት" አለች ባንግ፣ ማልሊምን በክንዷ ይዛ። "የሰው ንብረት ያበላሸ ሰው ለአንድ ዓመት ከዝግጅቶቻችን ይታገዳል፤ ሕጉ ነው። ስምዎን ይንገሩኝ።"

ማልሊም የባንግን እጅጌ ያዘች። "እኔ እኮ… አንድ ዓመት? የኔ እመቤት፣ አንድ ዓመት እንዳትይኝ። እኔ ሌላ ምንም የለኝም።"

ዮጂን ማልሊምን አየች፤ ከዚያ ሶንሆን። አሁን ዝም ብትል አንዲት ምስኪን ሴት ከአርባ ሺሕኛ ድርሻዋ ትባረራለች። ብትናገር ደግሞ… ሶንሆ ዓይኑን እሷ ላይ ተክሎ እየጠበቀ ነው፤ 'እሷ ናት በይ፣ አዎ ክርኗ ነው በይ' የሚል ዓይን።

"እሷ አይደለችም" አለች። "እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"

"ሳይታወቅሽ ነው አይደል?" አለች ሄሪም ለመርዳት፣ ካሜራዋን እንደደገነች።

ዮጂን መዳፏ ጥቁር ነው፤ ሁሉም ያየዋል። ሳይታወቀኝ ብትል ማን ያምናል? ጥርጣሬው ይመለሳል። 

ሶንሆ ራሱ ጠየቀ፣ በዝግታ። "በገዛ እጅዎ?"

አንብቤዋለሁ፣ እጠብቅሃለሁ፣ ሰባት ወር አይደለም ሰባት ዓመት እጠብቅሃለሁ! ይህን ሁሉ ልትለው ቀና አለች። ሃያ ካሜራ። የባንግ ዓይን። ከጎኑ የተቀመጡት አራት ልጆች።

"በገዛ እጄ" አለች።

ሶንሆ ዓይኑን ሰበረ። ራሱን ሁለት ጊዜ በዝግታ ነቀነቀ፤ ገባኝ ማለቱ ነው። ምን እንደገባው እግዜር ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች፤ አልጠብቅህም ያለችው መስሎታል። ከዚያ ቢጫዋን ወረቀት ከተበላሸው ገጽ ላይ በጥፍሩ አንስቶ ወደ ቀጣዩ ገጽ አዛወራት፤ እስክሪብቶውን ከፈተ፤ በዚህ ጊዜ ገጹን በእጁ አልጋረደም። በትልልቁ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ከወረቀቷ ላይ እየተመለከተ ጻፈ።

"ለዮጂን። ሁልጊዜ ስለሚደግፉን እናመሰግናለን። ሊአን።"

ከአሥሩ ሰከንድ አላሳለፈም። ግን ወዲያው አልሰጣትም። ጎንበስ አለና ገጹን እፍ አለበት። እንደገና እፍ አለ፤ ቀስ ብሎ፣ ከስሟ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ፊደል፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ። ሰልፈኛው "ውይ፣ እዩት ደግነቱን!" እያለ አለቀሰ። በጣቱ ነካ አድርጎ አረጋገጠ።

"ይሄኛው አይጠፋም" አላት። በሁለት እጁ አቀበላት፤ ጣቱን አራቀ።

ዮጂን በሁለት እጇ ተቀበለች፤ ጎንበስ ብላ አመሰገነች። ምን ታድርግ? እሱ ወደ ቁጥር አርባ ሦስት ዞረ፤ "እንኳን ደህና መጡ፣ ከየት ነው የመጡት?" ሲል ሰማችው። ጉልበቱ ከጠረጴዛው ስር እንደገና መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

ማልሊም እስከ መንገዱ ማዶ ድረስ ክንዷን ይዛ ሸኘቻት፤ እያለቀሰች፣ በመሐረብ ጥቁሩን መዳፏን እየጠረገችላት። "ክፉ አይንካሽ ልጄ፣ አዳንሽኝ። እኔ ብሆን ለሰው ብዬ እንዲህ አላደርግም ነበር። ግን አየሽ እንዴት እንደካሰሽ? ይሄ ሁሉ ሰው አንድ ጊዜ ሲያየው፣ አንቺ ብቻ ነሽ ሁለት ጊዜ ያገኘሽው። እንዳንቺ ዕድለኛ የለም።"

"የለም" አለች ዮጂን።